ጎተራ ውስጥ ሰው አይተኛም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ሰመራ የገባን ሰው «መንገድ ላይ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአሥሩ ዘጠኙ «ምን አለና! በረሃ ነው እኮ» ይላችኋል። ትንሽ ብታስጨንቁት «ግመል»፣ «ሙቀት»፣ «የጅቡቲ ከባድ መኪና» ብሎ ይጨምራል። ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሦስት ነገር ብቻ አይቶ የመጣ መንገደኛ በሌላ አቅጣጫ ቢሆን ይሳቅበት ነበር። ጎጃም ደርሶ የተመለሰ ሰው «ምን አለና! ጤፍ ነው እኮ» ቢል ማን ይሰማዋል? ስለ አፋር ሲሆን ግን ያልፋል። ማለፉ ባልከፋ፤ ቆይቶ ሕግ ይሆናል፣ ዕቅድ ይሆናል፣ የኢንቨስትመንት ብሮሹር ይሆናል።

እኔ ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሥራው የተወልኝ አመል ቢኖር ነገሩ ሲያነታርክ ቃሉን መመርመር ነው። እስቲ ስለ አዋሽ ሸለቆ የምንጠቀምባቸውን ቃላት እንያቸው።

«በረሃ» አንዱ ነው። በአማርኛችን በረሃ ሰው የሚገባበት እንጂ ሰው የሚኖርበት ቦታ አይደለም። የሸፈተ በረሃ ይገባል፣ የመነነ በረሃ ይወርዳል፣ የተሰደደ በረሃ ይበላዋል። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተድሮ፣ እዚያው ያረጀ ሰው በቃሉ ውስጥ መቀመጫ የለውም። «ዘላን» ሌላው ነው። ከብቱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስን ሰው መጥራቱ ቀርቶ አዲስ አበባ ውስጥ ወረፋ ያላከበረ የሚሰደብበት ከሆነ ቆይቷል። መንግሥት በበኩሉ «አርብቶ አደር» የሚል ጨዋ ቃል አመጣ፤ መልካም አደረገ። ግን በዚያው አፉ ክልሉን ለዓመታት «ታዳጊ» ሲል ኖረ፤ አያትን በልጅ ስም እንደ መጥራት ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚብሰው ግን «ድንግል መሬት» ነው። ድንግል ማለት ያልተነካ ማለት ነው። ከሐዳር፣ ከአራሚስ፣ ከሄርቶ የወጣውን ቅሪተ አካል ለዓለም እያሳየን «የሰው ዘር መነሻ ይህ ነው» እንላለን፤ ገጹን ገለጥ ስናደርግ እዚያው ሸለቆ ውስጥ «ድንግል መሬት» እናስተዋውቃለን። የሰው ልጅ ሁሉ የወጣበት ቦታ ሰው ያልነካው ቦታ የሚሆነው እንዴት ሆኖ ነው?

የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓምድ አልሞላበትም። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 ላይ በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ሀብት ሁሉ የመንግሥት ነው ሲል ደነገገ፤ ከዚህም ውስጥ ደኖችን፣ የግጦሽ መሬቶችን፣ ወንዞችንና ሐይቆችን በስም ጠራ። የግጦሽ መሬት የሚለው ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። የደጋው ገበሬ ርስተኛም ይሁን ጭሰኛ፣ ደህናም ሆነ መጥፎ፣ በመሬቱ ላይ አንድ ስም ይጠራበታል። የአፋሩ መሬት የጎሳ ነው። ጎሳ ደግሞ መዝገብ ቤት ሄዶ አይፈርምም። ስለዚህ ባለቤት የነበረው መሬት በአንድ ዓረፍተ ነገር ባለቤት አልባ ሆነ።

ዓረፍተ ነገሩን ያረቀቀው ሰው ያልጠየቀው ነገር ይህ ነው። በአፋር ዝናብ ሲጥል ከብቱም ግመሉም ከወንዙ ርቆ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ አዋሽ ከተማን አለፍ ብሎ ያለውን የአላይደጌን ሜዳ ያየ ሰው የሚወጣበትን ያውቀዋል። በዚያ ወቅት የወንዙ ዳር ይተዋል። አንዱ ምክንያት ትንኙ ነው፤ ዋናው ግን ሣሩ እንዲያገግም ነው። ዝናቡ አቁሞ ሜዳው ሲደርቅ ሁሉም ወደ አዋሽ ዳርቻ ይመለሳል። ከደጋ የወረደው የክረምት ጎርፍ ያራሰው መሬት ሣሩን ይዞ ይጠብቀዋል። ከአገሩ ስፋት አንጻር ሲታይ የወንዙ ዳር ቀጭን መቀነት ነው፤ ያ መቀነት ከሌለ ግን ሰፊው ሜዳ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ከብቱ ደረቁን ወር አይሻገርማ።

ለደገኛ አንባቢ በደገኛ ቋንቋ ላስረዳ። የወንዙ ዳር ጎተራ ነው። ጎተራ ውስጥ ሰው አይተኛም። አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ቤት ማንም አያድርበትም፣ ባዶ ነው» ብሎ ቢወስደው ባለቤቱ በማግሥቱ አይራብም። የሚራበው በክረምት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወሳጁ «እኔ ምን አደረግሁ? ዝናብ ጠፍቶ ነው እንጂ» ይላል።

በአዋሽ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ። ገንዘቡ ጣልያን ለወረራዋ ከከፈለችው የጦር ካሣ የመጣ ነበር። ግድቡ መብራት ሰጠ፣ የወንዙን ፍሰት አስተካከለ፤ የአፋርን ሣር ያጠጣ የነበረውን ጎርፍም ያዘ። ቅኝ ሊገዛን መጥቶ የተሸነፈ ወራሪ የከፈለው ካሣ በስተመጨረሻ የአንድን ኢትዮጵያዊ ሕዝብ ግጦሽ ማድረቂያ መሆኑን ልብ ወለድ ውስጥ ጽፌው ቢሆን ተማሪዎቼ «ተጋነነ» ይሉኝ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ተከለ፤ ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ከወንጂ ወደ መተሐራ ወርዶ በከረዩዎች ግጦሽ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተከለ፤ በመካከለኛው አዋሽ ደግሞ በመልካ ሳዲና በአሚባራ እርሻው ተስፋፋ። በ1961 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ጸና፤ ሳላ ይጠበቅ ተብሎ ከብት ተከለከለ። እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ ምክንያት አለው። ስለ ጥጡም ጥራት አልከራከርም። ግን ሁሉም የተቆረሱት ከዚያችው ከቀጭኗ መቀነት ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ የአፋር ከብት ጎተራው ተቆልፎበት አለቀ። ያ ዘመን በመጻሕፍታችን የወሎ ረሃብ ተብሎ ነው የሚጠራው፤ ከሸለቆው ስላለቀው የሚያወራው ጥቂት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን ባሕር ልሻገር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 ሲድኒ ላይ ሲሰፍሩ አገሩን የማንም ያልሆነ መሬት አድርገው ቆጠሩት፤ የሕግ ሰዎች በላቲን «ቴራ ኑሊየስ» የሚሉት ሐሳብ ነው። በእንግሊዝኛው አቦርጂናል የሚባሉት ነባር ሕዝቦች በዚያ ምድር ከሃምሳ ሺህ ዓመት ያላነሰ ኖረዋል። ግን እንደ እንግሊዝ ገበሬ አያርሱም፣ አያጥሩም፤ ስለዚህ ባለቤት አይደሉም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1963፣ ማለትም የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በተቋቋመ በዓመቱ፣ በሰሜን አውስትራሊያ ይርካላ በተባለ ቦታ የሚኖሩ የዮልንጉ ሰዎች መሬታቸው ለቦክሳይት ማዕድን መሰጠቱን ተቃውመው ለፓርላማ አቤት አሉ። አቤቱታውን በራሳቸው ቋንቋና በእንግሊዝኛ አስጽፈው የየጎሳቸው ሥዕል በተሣለበት የዛፍ ልጥ ላይ ለጠፉት። ሥዕሉ ለባዕድ ዓይን ጌጥ ነው፤ ለእነርሱ ግን የመሬት ሰነድ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳኛው እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ሕግ እንዳላቸው አመነ፤ ሕጋቸው ግን እኛ ባለቤትነት የምንለውን አይሰጥም ብሎ ፈረደባቸው። «ሕግ አላችሁ፣ መሬት ግን የላችሁም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቦ በሚባለው ጉዳይ የባዶ መሬትን ሐሳብ ሻረው። ከ1788 ሲቆጠር 204 ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ዓለም ከአቦርጂናሎች መማር አማረው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የአውስትራሊያ ደን ሲነድ፣ በትንንሽ እሳት ትልቁን እሳት መከላከል ያውቁበታልና ሽማግሌዎቻቸው ይጠየቁ ተባለ። በዚያው በ2020 ግንቦት ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ ከአርባ ስድስት ሺህ ዓመት ጀምሮ የሰው አሻራ ያለበትን የጁካን ገደል ዋሻ በፈንጂ አፈረሰ። ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። ምክራቸው ተፈለገ፤ ምክሩ የተቀመጠበት ቦታ ግን ለብረት ማዕድን ሲባል ሄደ። ስለ «ነባር ጥበብ» በየጉባኤው የሚደረገው ንግግር የማይጥመኝ በዚህ ነው።

«እኛ ግን ቅኝ አልተገዛንም» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ከአዲስ አበባ ሲታይ ልክ ነው። ከአፋር ምድር ሲታይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የአውሳው ሱልጣን ሙሐመድ ሐንፈሬ ሠራዊት በኅዳር 1868 ዓ.ም. ለግብፁ ከዲቭ ያደረውን የስዊሱን የሙንዚንገርን ጦር ደመሰሰ፤ ሙንዚንገርም በዚያው ተገደለ። የጉንደት ድል በዚያው ወር ነው። ጉንደትን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ አውሳን ጠይቁት እስቲ። ወደ ባሕሩ ስንወርድ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን በውል ያዘች። ቀድሞ ሚስዮናዊ የነበረው ጁሴፔ ሳፔቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1869 ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ብሎ የአሰብን ባሕር ዳር ከአካባቢው ሱልጣኖች በማርያ ቴሬዛ ብር ገዛ። አፋር ዛሬ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ተከፍሎ የሚኖርበት ታሪክ የሚነሣው ከእነዚህ ወረቀቶች ነው።

ሳፔቶ አታላይ ሊሆን ይችላል። የጎሳን መሬት ሱልጣን ይሸጣል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ሆኖም ሰውየው ለመግዛት ባለቤት ፈልጓል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ግን ባለቤት መፈለግም አላስፈለገውም። ይህን ስል የንጉሡን መንግሥትና የጣልያንን ቅኝ ግዛት አንድ አደረግሁ ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። አንድ አይደሉም። አንድ የሆነው መሣሪያው ነው፤ «ባዶ» የሚለው ቃል።

ነገሩን ደግሞ የክፉና የደግ ተረት አናድርገው። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ራሳቸው በአውሳ ሰፊ የጥጥ እርሻ ነበራቸው፤ አውሳዎችም ጥጥ ማምረቱን ተያይዘውት ነበር። አፋር እርሻ አይወድም፣ ለውጥ ይጠላል የሚለው ወሬ አውሳ ላይ አይሠራም። ጥጥ ይተከል አይተከል የሚለውን ባለቤቱ ሲወስን አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ የለም ተብሎ ሲተከል ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሁሉንም ወረሰው፤ ሱልጣኑ ተሰደዱ፣ እስከ 1983 ዓ.ም. አልተመለሱም። የጥጡ እርሻ ግን የመንግሥት ሆኖ ቀጠለ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሰም።

ከዚያም በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጠ። ከ1948ቱ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ዐሥር ዓመት አለፍ ሲል ግን ተንዳሆ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠራ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ለሸንኮራ አገዳ ተከለለ፤ አርብቶ አደሩ ተነሣ። ቀጥሎ ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴ መጣ። ንጉሡ ጥጥ፣ ደርግ የመንግሥት ጥጥ፣ ኢሕአዴግ ሸንኮራ፣ አሁን ስንዴ። መንግሥት ሲለወጥ ሰብሉ ይለወጣል፤ ስለ መሬቱ የሚባለው ግን ያው ነው። ሰፊ፣ ለም፣ ያልተያዘ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ደግሞ አጥር የለም ተብሎ ባለቤቱ ተናቀ።

ታዲያ ከአፋር ምን እንማር? እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ግመልን፣ ትዕግሥትን፣ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖርን ያነሣል። እኔ የማነሣው ዳጉን ነው።

ዳጉን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ተነጋግረው ነው የሚለያዩት፤ ወሬው በዚህ ዓይነት ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ከአገር አገር በፍጥነት ይደርሳል። እኛ ከተሜዎች የምናደንቀው ፍጥነቱን ነው፤ «የአፋር ኢንተርኔት» እያልን። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከድሮው የባቡር ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያየሁት ዳጉ ግን ፈጣን አልነበረም። አንድ ሽማግሌና ከአላይደጌ በኩል የመጣ ጎረምሳ ተገናኙ። እጅ ተያያዙ፣ ሰላምታው ረዘም አለ፣ ተቀመጡ። አጠገቤ የነበረ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተረጎመልኝ። ጎረምሳው ዝናብ መውደቁን ተናገረ። «አየህ ወይስ ሰማህ?» አሉት። አየሁ አለ። የት ድረስ? ስንት ሌሊት ሆነው? ሣሩ በቅሏል ወይስ አፈሩ ብቻ ነው የራሰው? እዚያ ማን ሰፍሯል? መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው አየህ? ቀጥሎ ስለ አንድ በሽታ አነሣ፤ ፍየል የሚጥል። ይህንንስ አየህ? ሰማሁ አለ። ከማን? ስሙን ተናገረ። እርሱስ አይቷል? ይህን አላውቅም አለ። ሽማግሌው ይቺን ለብቻ አስቀመጧት፤ ከዝናቡ ጋር አልቀላቀሏትም።

«ጋሼ፣ ገና ነው እኮ» አለኝ ተማሪው ሰዓቴን ሳይ። «አሁን ተራው የእሱ ነው፤ ሽማግሌውን ይጠይቃቸዋል።» እውነትም ጎረምሳው ያለ ምንም እፍረት አያቱ የሚሆኑትን ሰው መረመራቸው። የገበያውን ዋጋ፣ የከተማውን ወሬ፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ሄደ። እርሳቸውም የማያውቁትን አላውቅም እያሉ መለሱ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የምርምር ዘዴ የሚባለውን ትምህርት ስንት ሴሚስተር እንደምናስተምር፣ ተማሪው ከዚያ በኋላም ምንጩን ሳይጠቅስ እንደሚጽፍ የሚያውቅ ሰው ያን ሃያ ደቂቃ በቅናት ነው የሚያየው።

አማርኛ ውስጥ ወሬ የሚያመላልስ ሰው ወሬኛ ነው። አፋር ውስጥ ወሬ የያዘ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ካልተናገረ ዕዳውን አልከፈለም። እኛ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» እንላለን፤ ሰሚው በልቡ ያመዛዝን ማለታችን ነው። ዳጉ ማመዛዘኑን በልብ አይተወውም፤ ፊት ለፊት፣ በጥያቄ ያደርገዋል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሐሰት የዝናብ ወሬ ሰምቶ መንጋውን ይዞ ሦስት ቀን የተጓዘ ሰው መንጋውን ሊያጣ ይችላል፤ ያወራው ሰው ቃል ከዚያ ወዲያ ይረክሳል። ወሬ ዋጋ ሲኖረው ነው የሚጠነቀቁለት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን በኩል ምድር እየተንቀጠቀጠ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀየው ሲነሣ፣ አዲስ አበባ በስልኩ የደረሰውን ፎቶና ትንቢት ሁሉ ሲያስተላልፍ ነበር። «አየህ ወይስ ሰማህ?» የሚል አልነበረም። ያስተላለፈው ሰው ምንም አይቀርበትማ!

አሁን የሽማግሌውን ጥያቄ ይዘን ወደ 1954 ዓ.ም. እንመለስ። መሬቱ ባዶ ነው ብለሃል። አየህ ወይስ ሰማህ? አየሁ ካልክ በየትኛው ወር? ዝናብ ላይ ነው ወይስ ዝናቡ ካለፈ በኋላ? ከማን ጋር ሄድክ? ወንዙ ዳር ያለው ሣር ለምን ሳይበላ ቆየ ብለህ ጠየቅህ? በ1958 ዓ.ም. ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በፋኦ ስም የወጣ የተፋሰሱ ጥናት አለ፤ አፈሩንና ውኃውን በየዓይነቱ ለክቷል። መለኪያ አልጠፋም። የጠፋው ጠያቂ ነው። «ባዶ» የሚለውን ቃል አንድ ጎረምሳ ለአዋሹ ሽማግሌ ይዞ ቢመጣ ከሦስተኛው ጥያቄ አያልፍም ነበር።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ይህኛው እስከ ዛሬ በዓይን የሚታይ ነው። ከአዋሽ ወደ ገዋኔ ሲወጣ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው እሾሃም አረንጓዴ ቁጥቋጦ ፕሮሶፒስ ይባላል። ከደቡብ አሜሪካና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች አካባቢ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ተተከለ። ፍሬውን ከብት ይበላዋል፣ ዘሩን ከእበቱ ጋር የትም ይጥለዋል። ዛሬ በክልሉ የሸፈነው መሬት ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይገመታል፤ አብዛኛውም ሣር የነበረበት፣ ውኃ የሚቀርብበት ደህናው መሬት ነው። አፋሮች «ደርጊ ሐራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ። በኋላ ደግሞ «ወያኔ» የሚሉትም መጡ። ሥነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ሂስ አይገኝም። ሳይጠየቁ የመጣባቸውን፣ ሥሩ የማይነቀለውን፣ ከነከብቶቻቸው የተጠቀመባቸውን ነገር በመንግሥት ስም ጠሩት፤ መንግሥት ሲቀየር ስሙንም ቀየሩለት። ዛፉ ያው ነው።

እኛ በተራችን የእነርሱን ስም ስንወስድ እንዴት ነን? በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ሐዳር ላይ የተገኘችው አጽም በአንድ የእንግሊዝ ዘፈን «ሉሲ» ተባለች፤ እኛ «ድንቅነሽ» አልናት፤ የአገሩ ቋንቋ ሦስተኛም አልወጣ። በኋላ ሳይንቲስቶቹ ተሻሻሉ ልበል። አርዲፒቴከስ ራሚደስ ብለው ሲሰይሙ «አርዲ» መሬት፣ «ራሚድ» ሥር ከሚሉት የአፋርኛ ቃላት ወሰዱ። «ጋርሂ» ያሉት አስገራሚ ማለት ነው፤ የሄርቶውን «ኢዳልቱ» ሲሉት ሽማግሌ ማለት ነው። የዓለም የሰው ዘር ታሪክ በግማሽ አፋርኛ ተጻፈ፤ ቋንቋው ግን ከራሱ ተናጋሪዎች ውጭ ስንት ተማሪ አለው? የመድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያው ሶፍትዌራችን ስሙ «ዳጉ» ነው፤ ስሙ ያምራል። የሽማግሌውን ጥያቄ ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ አላገኘሁትም። ቃሉን እየወሰዱ ግዴታውን መተው ጌጥ መግዛት ነው።

ሰመራ ውስጥ ያገኘሁት፣ በሌላ ከተማ ተምሮ የተመለሰ ወጣት የነገረኝ አይረሳኝም። «ጋሼ፣ ዘላን ሲሉኝ ብዙም አልከፋኝ። የከፋኝ፣ አንተ ግን እንደነሱ አይደለህም ሲሉኝ ነው።» ወዲያው ደግሞ የራሱን ወገን አነሣና አልማራቸውም። አብሱማ የሚሉትን፣ የአክስትና የአጎት ልጆችን ጋብቻ፣ እኅቱ እምቢ ማለት ያልቻለችበትን ነገረኝ። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ አፋር ውስጥ ስለሚታወቀው እጅግ ከባዱ ዓይነት፣ በምሬት ተናገረ። መድዓ የሚባለው ባህላዊ ሕግ ድንቅ የሆነ የክርክር ትውስታ አለው፤ ሽማግሌዎቹ የቀድሞውን ፍርድ በቃላቸው እየጠቀሱ አዲሱን ይዳኛሉ። ግን ዛፉ ሥር የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። ዳጉም ቢሆን የዝናብ ወሬ እንደሚያደርስ የጠብ ወሬ ያደርሳል፤ የአፋርና የኢሳ ግጭት ሲነሣ ጎረምሳውን ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። ከአንድ ሕዝብ መማር ማለት ሁሉን ማጨብጨብ አይደለም። ጎተራ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ነው፤ ነቀዝ ካለም ነቀዙን።

ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ይሁን፣ ከእንግዲህ በአዋሽ ዳር ሰው ሳይጠየቅ መሬት አይሰጥም እንበል። ማን ነው የሚጠየቀው? ባለፉት ዓመታት በአሚባራና በገዋኔ በኩል ከደጋ የመጡ ባለሀብቶች ከጎሳ መሪዎች ጋር እየተዋዋሉ መሬት አርሰዋል። ወረቀቱ ላይ የአፋር ስም አለ፣ ፊርማ አለ፤ ስለዚህ ባለቤቱ ተጠይቋል ይባላል። መሬቱ ግን የመሪው አይደለም፣ የጎሳው ነው፤ ከፍየሎቿ ጋር የምትውለው ሴትም፣ ከሩቅ ሜዳ ገና ያልተመለሰው እረኛም ድርሻ አለው። ይህን ለአንድ የክልሉ ሠራተኛ አንሥቼበት «እና ለእያንዳንዱ እረኛ ስብሰባ እንጥራ?» አለኝ፤ ቀልዱን ነው። ዝናብ የወደቀበትን ቦታ ለእያንዳንዱ እረኛ ማዳረስ የሚቻልበት አገር ውስጥ ቆመን ነበር የምናወራው። የኢንቨስትመንት ውል ወሬ ግን በዳጉ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈረመ በኋላ ነው፤ ሰሚው «አየህ ወይስ ሰማህ?» ይላል፣ ነጋሪውም «አየሁ፤ ትራክተሩ ገብቷል» ይለዋል።